መርዶ በእንግሊዝኛ

በ1990 ዓ.ም.፣ በስተርጅና ተማሪ ሆንኩላችሁ። ኡጋንዳ፣ ኦልድ ካምፓላ የሚባል ሰፈር፣ ከሱቄ በላይ ባለች ክፍል፣ ሚስ ናንሱቡጋ የምትባል የአገሬው ልጅ ለእኛ ለሀበሾች እንግሊዝኛ ታስተምር ነበር። ጎበዝ ናት፤ ግን ቃሉን ብቻ ብታስተምረን ምን ነበረበት? «ባህሉን ካላወቃችሁ ቋንቋው አይገባችሁም» ትላለች።

በዚያ ሳምንት የአለምዘውድ እናት ደሴ አረፉ። ስልኩ የተደወለው ለእኔ ነው። አለምዘውድ አብራን የምትማር፣ ኮሎሎ ሰፈር እርዳታ ድርጅት ውስጥ የምትሠራ፣ ለእናቷ አንድ ናት። ከአገር ሰው ጋር ተማክረን፣ እሑድ ማለዳ ቤቷ ሄደን ልናረዳት ቆረጥን። እስከዚያ ከማንም አፍ እንዳይወጣ ተባባልን። ለመምህሯም የነገራት የለም። እሷን ምን አገባት?

ዓርብ ዕለት ሚስ ናንሱቡጋ ሰሌዳው ላይ «ክፉ ወሬ እንዴት ይነገራል» ብላ ጻፈች። «እንግሊዞች አያቆዩትም። ሰውየውን ያስቀምጡና ዓይን ዓይኑን እያዩ ወዲያው ይነግሩታል» አለችና ሁለት ሁለት አድርጋ ለልምምድ አቆመችን። እኔን ከማን ጋር? ከአለምዘውድ ጋር!

«ሚስተር ሀብተ ጊዮርጊስ፣ እናቷ ሞተዋል እንበል። ይንገሯት።»

እግዚኦ! «እምቢ» አልኩ።

«ልምምድ እኮ ነው!»

«ሌላ ሰው ግደይ!» ብዬ ጮኽኩባት። ሴትዮዋ ግራ ገባት። ሀበሻው ሁሉ ግን ባንድ ጊዜ አንገቱን ደፋ። ከኋላ የተቀመጠችው ሔሊና እንዲያውም ነጠላዋን ወደ አፏ ሳበች።

አለምዘውድ እነሱን አየች፤ ከዚያ እኔን። ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«ጋሼ፣ ምነው? እማዬ ደህና አይደለችም?»

ደህና ናት ልላት አፌን ከፈትኩ፤ አልቻልኩም። ሞተች ማለትም በአማርኛ አልወጣ አለኝ። እጇን ይዤ አስቀመጥኳትና፣ ዓይን ዓይኗን እያየሁ፣ እንደተማርነው በእንግሊዝኛ ነገርኳት። ቀለለኝ፤ ቋንቋው የእኔ ስላልሆነ ይሆናል።

አላለቀሰችም። ሚስ ናንሱቡጋ ነገሩ ሲገባት ጠመኔዋን ጥላ መጣችና፣ በአገሯ ደንብ፣ የሐዘንተኛዋ እግር ሥር ተንበረከከች። አለምዘውድ አላየቻትም። የምታየው እኔን ብቻ ነበር።

«ጋሼ፣ በአማርኛ ይንገሩኝ» አለችኝ። «እማዬ እንግሊዝኛ አታውቅም።»

በአማርኛ ነገርኳት። ያኔ ጮኸች።