የቨርሷ ሁለት ጥሪ

ኅሩይ የሬዲዮውን ሰውዬ ማመን የተወው በታኅሣሥ ነው። «ዝናብ ብቻ» ባለበት ቀን በረዶው ዱብ አለና አንዲት አሮጊት ተከራይ ደረጃው ላይ ተንሸራተው እጃቸው ተሰበረ። አለቃው ጣቱን ቀስሮ «ሌላ ሰው ከወደቀ ሥራውንም ቤቱንም ትለቃለህ» አለው። ኅሩይ ዙሪክ፣ ሽዋመንዲንገን ሰፈር፣ የአራት ሕንፃ ሀውስቫርት፣ ማለትም ተንከባካቢ ነው፤ ደረጃ ይጠርጋል፣ አምፖል ይቀይራል፣ በረዶው ሳይቀድመው ደጁ ላይ ጨው ይበትናል። የሚኖርባት ምድር ቤትም ከሥራው ጋር የተሰጠችው ናት።

ከዚያ ወዲህ ትንበያው የአገሩ ሰው እትዬ የወይንሐረግ ሆኑ። እሳቸው ጄኔቭ አጠገብ፣ ቨርሷ፣ ዲፕሎማት ቤት ይሠራሉ። በረዶው አብዛኛውን ጊዜ ከእሳቸው ወገን ይነሣና ከሦስት አራት ሰዓት በኋላ ዙሪክ ይገባል። እዚያ መጣል ሲጀምር እትዬ መንገድ ዳር ካለው የሕዝብ ስልክ ይደውላሉ፤ ሳንቲም እንዳይበላባቸው እሱ ቤት ሁለት ጊዜ ጮኾ ይቋረጣል፤ አለቀ። ኅሩይ ጨዉን ይዞ ይወጣል። አንድም ቀን ስተው አያውቁም!

በፈረንጆች 1996፣ የካቲት ላይ፣ አንድ ዓርብ ሬዲዮው እንደ ልማዱ «ዝናብ» አለ። ኅሩይ እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ስልኩ ሥር ተጎለተ። ጭጭ። «እንግዲህ ዝናብ ነው» ብሎ አምፖል ሊቀይር ሦስተኛ ፎቅ ወጣ። ሲወርድ ደጁ ነጭ ሆኗል።

«ወይኔ ጉዴ!» አካፋውን ይዞ ሮጠ። ፊት ለፊቱን ሲዝቅ ከኋላው ይሞላል፤ የበተነው ጨው ይቀበራል። ልጆች ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት ሰዓት ነው። አንዷ ስትንገዳገድ ሮጦ ክንዷን ያዛት። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ! ምን ነካቸው? ወሬ ይዘው ነው? በሆዱ እትዬን ረገማቸው።

አሥር ሰዓት ላይ ስልኩ ጮኸ። አካፋውን እንደያዘ ገባ። ሁለት። አሁን ይቋረጣል። ሦስት። አራት። አነሣው።

«ኅሩይዬ፣ ጨው በተንክ?»

«እትዬ! የት ጠፉ?»

«ሆስፒታል ነኝ። ስልኩ ጋ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ አዳለጠኝና ዳሌዬን... ተወው እሱን። አንተ ጋ ሰው ወደቀ?»

ቅድም የረገማቸው ኅሩይ አካፋውን ወደ ደረቱ ሳበ።

«ኧረ ተናገር ልጄ! ወደቀ?»

«አልወደቀም፣ እትዬ። እኔ ደጅ ማንም አልወደቀም» አለና፣ አካፋውን ታቅፎ ወለሉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።