ጢስ ያልወጣበት እንቁጣጣሽ

አባቴ ወደ አቃቂ የላኩት ቃል ለእኔ አልነበረም። ጤፍ ጭኖ ከሚመጣ ነጋዴ ጋር የላኩት ለባሌ ለቀናው ነው። «ለእንቁጣጣሽ በባቡር እመጣለሁ። ልጄ ጢስ የሚወጣበት ቤት ካላት መርቄያት እሄዳለሁ፤ ከሌላት ግን ይዣት እመለሳለሁ» ብለዋል። ነጋዴው ይህን ሲናገር እኔ ከቀናው ጎን ቆሜያለሁ። አንድ ጊዜ እንኳ ዞር ብሎ አላየኝም። የምትሸጥ ጊደር እንኳ ጥርሷ ይታያል፤ ስለ እኔ ቤትና ስለ እኔ መሄድ ሲወራ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ያለኝ ሰው የለም።

አባቴ አቶ ወልደሰንበት የምንጃር ገበሬ ናቸው። ፋብሪካ ገብታ ከማሽን ጋር የምትውል ሴት ማጀት ይኖራታል ብሎ የሚያምን ጭንቅላት አልነበራቸውም። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ አቃቂ ላይ አንዱ ፋብሪካ ሳያልቅ ሌላው የሚጀመርበት ጊዜ። እኔ የጨርቅ ፋብሪካ ፈትል ክፍል ነበርኩ። ክር ሲበጠስ ከማንም ቀድሜ እቀጥላለሁ። ጉራ ነው የሚል ይበል፤ ጉራም ቢሆን እውነት ነው። አቃቂን ወድጃታለሁ፤ ባቡሯን፣ ጭቃዋን፣ የፋብሪካውን ጡሩምባ ሳይቀር። ግን በዚያ ዘመን አባት እጇን ይዞ «ተነሺ» ካላት እምቢ የምትል ልጅ አልተወለደችም። እኔም ምላሴ ነው እንጂ ረጅሙ፣ ለአባቴ እምቢ ማለት አልችልም ነበር። ስለዚህ አቃቂ መቅረቴም መሄዴም በዚያ በአንድ ቀን ማዕድ ላይ ተንጠለጠለ።

ተዘጋጀሁ። እንጀራውንም ድፎ ዳቦውንም ከዋዜማው በፊት ጋግሬ አስቀመጥኩ። ቅቤውን አንጥሬያለሁ። ቀይ አውራ ዶሮ ገዝቼ ከአልጋው እግር አስሬዋለሁ። በዓሉ እሑድ ስለሚውል ፆም የሚባል ነገር የለብንም። በዋዜማው ማታ የዶሮውን ሽንኩርት ከትፌ ጨርሼ፣ ዓይኔን እያበስኩ ከሰሉን ላቀጣጥል ስል ከውጭ ጩኸት ሰማሁ።

የሠራተኛው ሰፈር አንድ ረድፍ ቤት ነው። ከጀርባችን የፋብሪካው አጥር አለ፤ ከአጥሩ ሥር ከማሽን የሚወጣው ውዳቂ ጥጥ ተከምሮ ይውላል። ወንዶቹ ችቦ ሊያበሩ ወጥተው ነበር። ያገራቸው ልማድ ነው፤ እዚያ ችቦ የሚበራው ክረምቱን ሙሉ ዝናብ የጠጣ መስክ ላይ ስለሆነ ብልጭታው የትም ቢወድቅ የሚጨነቅ የለም። እዚህም መስክ ላይ የቆሙ መሰላቸው። ፊት ፊት እየጨፈረ የሚመራቸው ደግሞ የእኔው ጉድ ቀናው ነበር። ችቦውን ከአናቱ በላይ ሲያሽከረክረው ብልጭታዋ አጥሩን ዘላ ጥጡ ላይ አረፈች።

የተጎዳ ሰው የለም፤ ከቀናው ቅንድብ በቀር። በአሸዋና በውኃ ተረባርበው አጠፉት። ከዚያ ካቦው መጣ። ካቦ ማለት ሠራተኛውን የሚያዝ ሰው ነው፤ ይኼኛው ደግሞ ማዘዝ የሚወድ ነበር። የነገው በዓል እስኪያልፍ ድረስ በረድፉ ውስጥ ክብሪት እንዳይጫር፣ ከሰልም ላምባም እንዳይነድ፣ ጢስ የታየበት ቤት ባለቤቱ ዕቃውን ይዞ እንዲወጣ ተናግሮ ሄደ። ይህን እንዲጠብቅ የታዘዘው ዘበኛው ለሜሳ ነው። ጋሽ ለሜሳ ደግ ሰው ነው፤ ፊሽካ አንገቱ ላይ ሲንጠለጠል ግን ደግነቱን ይረሳዋል።

ቀናው አንድ ቅንድቡን ይዞ ገባ። ሽንኩርቱን አየ፤ ዶሮውን አየ፤ እኔን ለማየት ግን ድፍረት አጣ። ሣሪስ አቦ አክስቱ ዘንድ ሄደን ዶሮውን እዚያ እንሥራና ይዘነው እንምጣ አለኝ።

«ከሰው ቤት ወጥ ተሸክሜ አባቴን ላታልላቸው?» አልኩት። «እንደገቡ ምድጃውን ነው በእጃቸው የሚዳስሱት። አመዱ ቀዝቅዞ ሲያገኙት አንተን ምን ይሉሃል? ደግሞ የራሴ ቤት ያልሠራውን አላቀርብም።»

«እንግዲያው ምን ልናበላቸው ነው?»

«አንተ ዛሬ እሳት በቅቶሃል፤ ተኛ» አልኩት።

አፌ እንዲህ ይበል እንጂ አንድም ዘዴ አልነበረኝም። ያለ እሳት የዓመት በዓል ማን ሠርቶ ያውቃል? ወንዶቹ ለቅርጫ በሬ ገዝተዋል፤ ጧት ሥጋ ይመጣል። ጥሬ ሥጋ ለሌላው እንግዳ ክብር ነው፤ አባቴ ግን አንድ ጥርስ የላቸውም። ጥርስ የሌለውን ሰው ቁርጥ ፊት ማስቀመጥ ስድብ ነው።

ይህን ያማከርኩት ዙለይኻን ነው። ዙለይኻ የስልጤ ልጅ ናት፤ ባሏ የረድፋችን ጫፍ ላይ ሱቅ ነበረው፤ እሷም እንደኔው እሳት ተከልክላለች። ነገሩን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ተናደድኩባት።

«ምን ያስቅሻል? ነገ እኮ ልወሰድ ነው።»

«የሺሐረግ፣ አንቺ ስትቆጪ ነው እንጂ ስታስቢ አላየሁሽም» አለችኝ። «ጥርስ የሌለው ሰው ክትፎ ይበላል። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚከበረው በምን ይመስልሻል?»

እኛ ምንጃር ክትፎ አናውቅም ነበር። የተከተፈ ሥጋ ለሕፃን የሚሰጥ ነገር ይመስለኝ ነበርና አባቴን እንደ ሕፃን ላበላቸው ነው ወይ ብዬ ተከራከርኳት። እሷ ግን ሱቅ ገብታ ሚጥሚጣና ኮረሪማ ይዛልኝ መጣች፤ የራሷን ጣባም ሰጠችኝ፤ ሥጋ ከነካው በኋላ እንዳልመልስላት፣ የእኔ እንዲሆን ነግራ።

ጧት ማለዳ ከሥጋው በፊት ሌላውን ሠራሁ። የገብስ በሶ ነበረኝ፤ ቅቤውን በእጄ ሙቀት እያሸሁ ለውሼ ጭኮ አደረግሁት። ከውስጡ ለዙለይኻ ለይቼ በንጹሕ ሳህን ከደንኩላት፤ የእኛን ሥጋ እሷ አትበላም፤ የእነሱንም እኛ አንበላም፤ ሥጋ በነካ እጅ የቀረበላትንም አትቀምስም። ያን ሁሉ ሽንኩርት ደግሞ ምን ላድርገው? ጎረቤት ለጎረቤት አከፋፈልኩት፤ የቀረውን ቃሪያ እየሰነጠቅሁ ውስጡ ሞላሁት። አይብና እርጎ ከዋዜማው ገበያ ነበረኝ። ማር በውኃ በጥብጬ ብርዝ አደረግሁ። አውራ ዶሮው ከአልጋው ሥር ሆኖ ይጮህብኛል፤ ሳይታረድ መዋሉን ያወቀ ይመስል።

ሥጋው መጣ። ዙለይኻ ደጃፌ ላይ ጀርባዋን ሰጥታኝ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ተቀመጠች። ቢላዬን አትነካም፤ ሥጋዬን አታይም፤ በጆሮዋ ብቻ ታዝዘኛለች። እኔ መክተፊያው ላይ እከትፋለሁ፤ እሷ የቢላውን ድምፅ ታዳምጣለች።

«ጅማት አለ» ትለኛለች ዞር ሳትል።

«የለም።»

«አለ እላለሁ። ቢላሽ ሲያርፍ ይንጫጫል። አውጪው።»

ፈልጌ አገኘዋለሁ፤ እንደ ክር የቀጠነ ጅማት። ክር የማውቅ እኔ፣ ጅማቱን በድምፅ የምታውቅ እሷ። አውጥቼ እቀጥላለሁ። ክንዴ እስኪዝል ከተፍኩ። እሷ «አሁን ዝም አለ፤ በቃ» እስክትል ድረስ አላቆምኩም።

ቀረ ቅቤው። የመስከረም ጧት ብርዱ ቅቤውን እንደ ድንጋይ አድርጎታል፤ ክትፎ ደግሞ የቀለጠ ቅቤ ካልጠጣ ክትፎ አይደለም። ከፋብሪካው ማቅለሚያ ክፍል ጀርባ ትኩስ ውኃ የሚያፈስ ቧንቧ አለ፤ ልብሳችንን የምናጥበው በሱ ነው። ሳፋ ይዤ ሮጥኩ። ትኩሱን ውኃ ሞልቼ አምጥቼ ወለሉ መካከል አስቀመጥኩና ቅቤውን በጣሳ አድርጌ ውኃው ላይ አንሳፈፍኩት። ቀለጠ። በደስታ ልጮህ ነበር።

ያልጠረጠርኩት እንፋሎቱን ነው። ብርድ ስለነበር እንፋሎቱ ነጭ ሆኖ ቤቱን ሞላና በበሩ መውጣት ጀመረ። ዙለይኻ «የሺሐረግ፣ በሩን...» ከማለቷ የጋሽ ለሜሳ ፊሽካ ተነፋ። የረድፉ ወንድ ሁሉ ባልዲ ይዞ መጣ። ትናንት እሳት የለኮሱት ዛሬ ለማጥፋት ተሽቀዳደሙ። የመጀመሪያው ባልዲ ሊደፋ ሲነሣ ክትፎዬ ፊት እጄን ዘርግቼ ቆምኩ።

«አንዲት ጠብታ ይህ ምግብ ላይ ብትወድቅ» አልኳቸው፣ «የምትወድቅበት ቀን ለሁላችሁም ክፉ ቀን ነው።»

ባልዲው አየር ላይ ቆመ። ጋሽ ለሜሳ አንገቱን አስግጎ ገባ፤ ምድጃዬን ዳሰሰ፤ ቀዝቃዛ ነው። ሳፋውን አየ፤ ጣቱን ነከረና ላሰው። «ውኃ» አለ፣ በጣም አዝኖ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አባቴ ከባቡር ወርደው፣ ቀናው ከኋላቸው ጓዛቸውን ተሸክሞ፣ ደጃፌ ላይ ደርሰዋል። ያዩት ሕዝብ ነው፤ ባልዲ ነው፤ ከሁሉ በላይ ግን ከቤቴ የሚወጣውን ነጭ ነገር ነው። ፊታቸው በራ።

«ይኸው ጢስ!» አሉ በትራቸውን ወደ በሩ ቀስረው። «ፋብሪካ የገባች ሴት ቤት ጢስ የለውም ያለኝ ማን ነው? ይምጣና ይይ።»

ቀናው ከኋላቸው ሆኖ በቀረችው ቅንድቡ ዝም በይ አለኝ። ዝም ብል ነገሩ አልቆ ነበር። እሳቸው የፈለጉትን አይተዋል፤ እኔም አቃቂ እቀራለሁ። ግን በውኃ እንፋሎት የሚገኝ ምርቃት አልፈለግሁም።

«አባዬ፣ ጢስ አይደለም» አልኳቸው። «የትኩስ ውኃ እንፋሎት ነው። ከትናንት ማታ ጀምሮ በዚህ ቤት እሳት አልነደደም። ያስከለከለን ደግሞ አማችዎ ነው፤ ቅንድቡን ይዩት።»

ሰዉ ሳቀ። አባቴ አልሳቁም። በሩን አልፈው ገቡና እንዳልኩት ምድጃውን ዳሰሱ። ተቀመጡ። ልብሴን እንድሸክፍ፣ ያለ እሳት በዓል የሚዋልበት ቤት ልጃቸውን እንደማይተዉ ነገሩኝ።

«እሸክፋለሁ። መጀመሪያ ግን ይብሉ» አልኳቸው።

እጃቸውን አስታጠብኩ። እንጀራው ላይ በጣባው ክትፎውን አቀረብኩ፤ ቅቤው ሥጋው ላይ ያብረቀርቃል። አይቡን ጎኑ፣ ቃሪያውን፣ ጭኮውን ዙሪያውን አደረግሁ። ክትፎውን ሲያዩ ፊታቸው ተኮማተረ። «ጥሬ ሥጋ ለእኔ?» አሉ። ያላገጥኩባቸው መሰላቸው። አንድ ጉርሻ ጠቅልዬ ወደ አፋቸው አቀረብኩ። የልጅ ጉርሻ አይመለስምና ተቀበሉኝ።

ያኘኩ መሰለኝ። አላኘኩም። አፋቸው ውስጥ ቀለጠላቸው። ሁለተኛውን ራሳቸው ጠቀለሉ። ሦስተኛውን አልቆጠርኩም። ዓይናቸው ውስጥ እንባ ሲሞላ ሚጥሚጣው በዝቶ ነው ብዬ ደነገጥኩ፤ ብርዙን ይዤ ተነሣሁ። በእጃቸው መለሱኝ።

«ጥርሴ ካለቀ ወዲህ» አሉ፣ «ሰው ቅርጫ ሲከፋፈል፣ ሲቆርጥ፣ ሲበላ ዳር ተቀምጬ ነው የማየው። ሽሮ ያመጡልኛል። ጥሬ ሥጋ ከሞት በፊት እቀምሳለሁ ብዬ አላሰብኩም።»

ጋሽ ለሜሳ ባልተጠራበት ጭኮውን አንድ ቁራሽ አንሥቶ በላና የእናቱ ጭኮ ቅቤው ይበልጥ ነበር አለ። ሌላ ቁራሽ ግን አነሣ። ሲወጣ ደግሞ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ኪሱ ከተተ። ዙለይኻ ደጃፉ ላይ በሳህኗ የለየሁላትን በላች፤ ክትፎውን ያስተማረችኝ እሷ መሆኗን ስነግራቸው አባቴ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው «እግዜር ይስጥልኝ የኔ ልጅ» አሏት። እኔን እስካሁን «የኔ ልጅ» አላሉኝም ነበርና ትንሽ ቀናሁ።

አባቴ ከጠገቡ በኋላ ወሬ ጀመሩ። የዘንድሮን ጤፍ አነሡ፤ ስለሞተችው በቅሎ ተናገሩ። ከዚያ ስለ ታናሼ ስለ አደሴ። እጇ እንደ እኔ መሆኑን፣ ጥጥ ስትፈትል እንዝርቷ አልታይ እንደሚል፣ ለአንድ ባለ መሬት ሽማግሌ ሊድሯት ማሰባቸውን። ከዚያ ወደ ቀናው ዞረው «ቤት አለህ፤ ልጄን ትቼልሃለሁ» አሉና ምርቃት ጀመሩ። ሁሉም አሜን እያለ ነው። እኔ አሜን አላልኩም።

ምርቃቱን አቋረጥኩ። ምርቃት የሚያቋርጥ ሰው አይታችሁ አታውቁም፤ እኔ አድርጌዋለሁ።

«አባዬ፣ አሜን የምለው አንድ ነገር ከሰጡኝ ነው» አልኳቸው። «እኔን ሊወስዱ መጥተው ነበር፤ ጠግበው ተዉኝ። አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ለጥምቀት ሲመጡ ብቻዎን እንዳይመጡ። አደሴን ለሽማግሌ አይስጡብኝ፤ ይዘዋት ይምጡ፤ ፈትል ክፍል ከጎኔ አቆማታለሁ። ነገ ሳይሆን አሁን፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት፣ እሺ ይበሉኝ።»