ለባሕሪያ ሎሚ የሚሆን መርዝ

የባሱንዳ ገበያ ባለሱቅ ባሕሪያ ከሱቋ ጓሮ አንድ የሎሚ ዛፍ አላት። ጥላው ሥር ሦስት ሎሪ ከነጭነቱ ያርፋል፤ አንዲቱ ፍሬ ተጨምቃ ሙሉ ሠርግ አጠጥታለች። ይህን የማያምን ባሱንዳን አያውቃትም።

ረመዳን ሊገባ ሲል ታዲያ ዛፉን ትል ወረረው። ቅጠሉን ሲከረትፈው ድምፁ መስጊድ ድረስ ይሰማ ነበር። ከሥሩ የሚጠረገው የትሉ ኩስ ብቻ በየቀኑ ቅርጫት ይሞላል።

ለሰሊጥ እርሻ መርዝ የሚሸጠው ሱሩር ሳይጠሩት መጣ። የጀሪካኑን ክዳን ከፍቶ አፍንጫዋ ሥር አስጠጋላት።

«አሽትቺው! ሽታው ብቻ ግመል ይጥላል፣ ወላሂ!»

በዚያ አገር መርዝ የሚመረጠው በአፍንጫ ነው፤ ካላስነጠሰ ውኃ ነው ይባላል።

«ሎሚዬ እኮ ደርሷል፤ ለጾመኛ የሚጨመቅ ነው» አለች ባሕሪያ።

«ታጥቢዋለሻ!»

«የጾመኛውን አንጀትስ ማን ያጥብልኛል? ሂድ ወዲያ!»

እሷ ከከሰላ በአውቶቡስ ያስመጣችው ዱቄት ነበራት፤ ቅጠል የበላን ትል ብቻ የሚገድል። ፀሐይ በረድ ሲል በውኃ በጥብጣ ቅጠሉን ላይና ታቹን ረጨችው። ከሥሩም የምትከናነበውን ያረጀ ነጭ ቶቧን አነጠፈች። ዱቄቱ ምንም ሽታ የለው! ገበያው በሳቅ ፈረሰ።

በማግስቱ ትሉ ቅርንጫፉ ላይ ሲንፏቀቅ ታየ። ሱሩር ጀሪካኑን እንደያዘ፣ የመርጫ ፓምፕ ያዘሉ ሁለት ሰዎችና የገበያውን ሽማግሌ ሐጅ ቱርካን አስከትሎ ከተፍ አለ።

«ልጄ፣ ትሉ ወደ ጎረቤት ዛፍ ሳይሻገር ይረጭ» አሉ ሐጅ ቱርካ። «አለዚያ ዛፉ ይቆረጣል።»

ባሕሪያ ጀርባዋን ለግንዱ ሰጥታ እጆቿን ዘረጋች። ያን ጊዜ ቁመቷ ከመስጊዱ ሚናራ በለጠ።

«እንግዲያው እኔንም አብራችሁ ርጩኝ!»

«ትሉ እኮ አልሞተም!» አለ ሱሩር።

«እየበላ ነው ወይ? ቶቡን ይዩት፣ ሐጅ!»

ሽማግሌው ጎንበስ አሉ። ቅርጫት ሙሉ የሚጠረግበት ቦታ፣ ነጩ ቶብ ላይ ያለው ኩስ ቁንጥር አይሞላም። አንድ ትል አንስተው ለጋ ቅጠል ላይ አስቀመጡት፤ አፉን እንኳ አላላወሰም።

«ሆዱ ተዘግቷል፤ በራብ ይሞታል» አሉ ቀና ብለው። «ዛፉን የሚነካ ሰው እንዳይኖር።»

«ሎሚውን ግን ማን ደፍሮ ይጠጣል?» ብሎ ጮኸ ሱሩር። «እሷም ረጭታዋለች እኮ!»

ባሕሪያ አንዱን ሎሚ ቀጠፈች። ሳታጥብ፣ ሳትልጥ ገምጣ ዓይኗን ሳትጨፍን አላመጠችው፤ የሚያዩት ሰዎች አፍ በምራቅ ሞላ። ግማሹን ለሱሩር ዘረጋችለት።

«እንካ፣ ያ አኺ፣ ወንድሜ። አንተ ደግሞ ባንተ መርዝ የተረጨ ሎሚ አምጣና ፊቴ ግመጥ።»

ሱሩር ጀሪካኑን አንጠልጥሎ ወጣ። ባሕሪያ ፓምፕ ወዳዘሉት ሰዎች ዞረች።

«እናንተ ምን ቆማችኋል? ፓምፑን አውርዱና መሰላል ያዙልኝ፤ ለጾመኛ ሎሚ ልቅጠፍ!»