የሚደበቀው ድምፅ

«እትዬ፣ ድምፁ የሚመጣው መቼ ነው?»

መካኒኩ ይህን ሲጠይቃት እናት መኪናዋ አጠገብ ወደቆመችው ልጇ ዞር አለች። መኪናዋ «ጓ» እንደምትል ታውቃለች። «ጓ» ባለች ቁጥር የእሷም ልብ አብሮ ይመታል። መቼ መቼ እንደሆነ ግን እንኳን ለሰው ልትናገር ለራሷም አታውቀውም ነበር።

«ኧረ ሁልጊዜ ነው» አለች በመጨረሻ።

«ሁልጊዜማ ቢሆን አሁን እሰማው ነበር» አለ ሰውየው እየሳቀ። ፀጉሩ የሸበተ፣ እጁ ግራሶ የጠጣ መካኒክ ነው። መኪና ከመንካቱ በፊት ጆሮውን ስለሚያስቀድም የሚያውቁት ሁሉ «ጆሮ» ይሉታል።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሰኞ ጠዋት ልጇ ከተራራው ማዶ ባለች ከተማ ሥራ ትጀምራለች፤ አባቷ ትቶላት ባለፈው አሮጌ ፒካፕ መድኃኒት ለየጤና ጣቢያው ልታደርስ ነው። ቀጣሪዎቹም ቁርጡን ነግረዋታል፦ ሰኞ መኪናሽን ይዘሽ ካልተገኘሽ ሌላ ሰው እንወስዳለን። ቀድመው የሄዱበት ጋራዥ ደግሞ መኪናዋን አንድ ጊዜ እንኳ ሳይነዳ «የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረው ዲፈረንሻል ይውረድ፤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል» ብሏቸዋል። ሳትሠራ እንዳለች ይዛት እንዳትሄድ የተራራው ቁልቁለት አለ። እናት ስለዚያ ቁልቁለት ባሰበች ቁጥር እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም።

ጆሮ ከልጅቷ ጎን ተቀመጠ፤ እናት ከኋላ ሆነች። ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞሩት።

«ቀስ በይ እናትዬ» ትላለች እናት ኩርባው ጋ። «ቀስ... ሰው አለ... ቀስ በይ እንጂ!»

መኪናዋ ድምጿን አጥፍታ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ አንገቷን ደፍታ ተመለሰች።

«ጋሼ፣ እውነቴን ነው፣ አልዋሸሁም» አለች ልጅቷ አፍራ። «እርስዎን አይታ ነው የታረመችው።»

«አምኜሻለሁ። ግን ያልሰማሁትን አልፈታም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። እናንተው ይዛችኋት ዋሉ፤ ድምፁ ሲመጣ ምን እያደረግሽ እንደነበር በጽሑፍ ያዙልኝና ነገ ተመለሱ።»

እናት «ያዙልኝ» የሚለውን ቃል ይዛ ቤቷ ገባች። የጎልማሶች ትምህርት ከጀመረች ስምንት ወሯ ነው። እስካሁን የጻፈችው ሁሉ መምህርቷ ሰሌዳ ላይ የጻፈችውን ነው፤ ከራሷ አውጥታ አንድ መስመር ጽፋ አታውቅም።

ዓርብ ጠዋት ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ እርሳሷን ጨብጣ ከኋላ ተቀመጠች። መኪናዋ ስትነቃነቅ ፊደሉ ይንጋደዳል። አንዱን ቃል ጨርሳ ሌላውን እስክትጀምር ሦስት ሱቅ ያልፋሉ። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ ነክሳ ስትጽፍ ኩርባውም አለፈ፣ ሰዉም አለፈ፤ እሷ አላየችም።

ጓ!

«ያውልሽ!» አለች ልጅቷ። ትንሽ እንደሄዱም በመስታወት አየቻት። «እማ፣ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ? አመመሽ እንዴ?»

«እየጻፍኩ ነው፤ አታናግሪኝ!»

ጓ! አለች መኪናዋ ደግማ።

እናት እርሳሷን አነሳች። ለካስ ትናንት እሷ «ቀስ በይ» ባለች ቁጥር ልጇ ነዳጁን በእግር ጣቷ ጫፍ ብቻ ትነካው ነበር፤ ዛሬ ግን እንደልቧ ትረግጣለች፣ ትለቃለች። ያንን ድምፅ ከመካኒኩ የደበቀው የራሷ አፍ ነው።

ቤት ደርሰው የጻፈችውን ስታየው ግን አንድ ሌላ ሐሳብ መጣባት። ይህቺ ገጽ ብትጠፋ መኪናዋ ሦስት ሳምንት ጋራዥ ትቆማለች፤ ሥራው ለሌላ ይሰጣል፤ ልጇም ከዓይኗ አትርቅም። ገጿን ልትቀድድ በሁለት ጣቷ ያዘቻት። ከዚያ በራሷ አፍራ ደብተሩን ዘጋችና ብብቷ ሥር ሸጎጠችው።

ከሰዓት በኋላ ጆሮ ፊት ቆማ፣ ፊደል በፊደል እየነካች አነበበች።

«ከነዳጅ እግሯን ስታነሳ... ጓ። መልሳ ስትረግጥ... ጓ። ስትታጠፍ... የለም። ጉድጓድ ላይ... የለም። የኋላ ማርሽ ስታስገባ... ጓ። ትልቅ።»

ጆሮ አላቻኮላትም፤ የሚያስቸግራትን ቃልም ቀድሞ አልተናገረባትም። ስትጨርስ «ይበቃኛል» አለ። ጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረገ፣ ማርሹን ነፃ አደረገ፣ ካርቶን አንጥፎ ከመኪናዋ ሆድ ሥር ገባ።

«እትዬ፣ ጎንበስ ይበሉና እጅዎን ያምጡ!»

እናት ቀሚሷን ሰብስባ ተንበረከከች። ሰውየው እጇን ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማዎች ኃይል በሚያደርሰው ረጅም ዘንግ ላይ አደረገላት። ጫፉ ላይ፣ ዘንጉ ከዲፈረንሻሉ ጋር የሚገናኝበትን መስቀል የመሰለ ብረት አሳያት። «ክሮቸራ ይባላል። አሁን ዘንጉን ያዙሩት።»

አዞረችው። ዘንጉ ዞረ፤ ከመስቀሉ ማዶ ያለው ብረት ግን ቆይቶ ነው የተከተለው።

«ይጫወታል!» አለች።

«አይደል? ግራሶው ደርቆ ብረት ብረትን በልቶታል። ይኸው ቀይ ብናኙ። ነዳጅ ሲረገጥና ሲለቀቅ ክፍተቱን ዘሎ ሲመታ ነው ጓ የሚለው። ዲፈረንሻሉንም አየሁት፤ ትንሽ መላወስ አለው፣ እሱ ያለ ነው፤ ጤነኛ ነው።»

ቅዳሜ እኩለ ቀን ሳይሆን አዲሱ ክሮቸራ ገባ። ልጅቷ ነዳጁን ረገጠች፣ ለቀቀች፣ የኋላ ማርሽ አስገባች። ምንም የለም።

«እንግዲህ አሁን እንደልብዎ ‹ቀስ በይ› ማለት ይችላሉ» አለ ጆሮ።

እናት ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ። ልጄን ነው ያተረፉልኝ።»

«ግማሹን የሠራው የእርስዎ ደብተር ነው።»

መንገድ ላይ ያንን ቃል እያመነዠከች ሄደች። እርሳስ አያያዝ ያስተማረቻትን መምህርት አመሰገነች። ገጿን ያልቀደደውን እጇንም አመሰገነች።

ሰኞ በማለዳ በሩ ላይ ቆማ «ቀስ በይ» አለቻት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ልጅቷ ሄደች። እናት ከደብተሯ ጋር ቀረች።