በብርድ ልብሱ ሥር ያለው ድራም

ሙት ገና ሳይሸኝ የራሱን ዜማ በራሱ ቤት ቢጫወቱበት፣ ሰምቶ ቢመጣስ? ከመጣ በኋላስ ማን ይመልሰዋል?

ማራዴቤ ይህን ቄሱን ቢጠይቁ የሚጠብቃቸው ቁጣ ነው። የጎሳቸውን ሽማግሌ ቢጠይቁ ደግሞ፣ «መጀመሪያ ነገር ማን ፈቀደላቸው?» ይሏቸዋል። የፈቀዱት ራሳቸው ማራዴቤ ናቸው። ስለዚህ ጥያቄያቸውን ዋጥ አድርገው፣ የወጥ ቤቱን በር ገርበብ አድርገው ያዳምጣሉ። ሳሎናቸው ውስጥ ምራታቸው ኖዙኮ ፒያኖ፣ ዙኪሌ ቤዝ፣ አዲሱ ጎረምሳ ቴምቤላኒ ድራም እየተጫወቱ ነው። ቀራጩም በተከራዩት መቅረጫ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጧል። የአልበሙ የመጨረሻ የቀረጻ ቀን ነው።

ቤቱ ቤት መምሰሉ ቀርቷል። የሰፈራቸው የኒው ብራይተን ነፋስ እንዳይሰማ መስኮቶቹ ላይ ፍራሽ ቆሟል። ፍሪጁ ያንጎራጉራል ተብሎ ከሶኬቱ ተነቅሏል። ማራዴቤ ጠዋት ዙኪሌን፣ «ስጋዬ ቢበላሽ አንተን ነው የምቀቅለው» ብለውታል።

«ጅማት ብቻ ነኝ እማማ፤ ቀኑን ሙሉ ቢጥዱኝ አልበስልም» አላቸው እሱም።

ዙኪሌ የልጃቸው የሉቩዮ አብሮ አደግ ነው። ሉቩዮ፣ ኖዙኮና እሱ ብዙ ዘመን አብረው ተጫውተዋል። ሉቩዮ ከሥራ ሲመለስ መኪናው ተገልብጦ ከሞተ ገና ዓመት አልሞላውም። ኖዙኮ ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳለች። ባሏ የሞተባት ሴት ጥቁሯን እስክታወልቅ ድረስ ድምፅዋን ከፍ አታደርግም፣ ሰው በተሰበሰበበት አትገኝም፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቷ ትገባለች። የከተማው ስቱዲዮ የሚለቀቅላቸው ደግሞ ከመሸ በኋላ ነበር። «ፒያኖው እዚህ አይደል? እዚሁ ተጫወቱ» ያሉት ማራዴቤ ናቸው። ጎረቤት እንደሚያማቸው አላጡትም። ግን ያቺ ልጅ ሥራዋን ከያዘች ትበላ ይሆናል፣ አልጋዋ ላይ ትተኛ ይሆናል ብለው ነው። ጠዋት ሲነሱ የሚያገኟት መሬት ላይ፣ ከሉቩዮ ድራሞች አጠገብ ተጠቅልላ ነውና።

የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሉቩዮን ድራሞች ማንም እንዳይነካ። የሟች ዕቃ ዓመቱ ሞልቶ፣ ታጥቦ ለዘመድ እስኪከፋፈል ድረስ ከተቀመጠበት አይነሳም። ስለዚህ ድራሞቹ ብርድ ልብስ እንደለበሱ ጥግ ላይ ቀሩ። ቴምቤላኒም የራሱን አምጥቶ በሶፋውና በቴሌቪዥኑ መሃል ተሸጎጠ።

አሁን የሚጫወቱት ሉቩዮ የሠራውን ዜማ ነው። ሉቩዮ ሁልጊዜ ትንሽ ዘግይቶ ነበር የሚገባው፤ ለእራትም፣ ለድራምም። ኖዙኮ እጇን ታነሳለች፣ ባዶ ቦታ ትተውለታለች፣ ከዚያ እሱ ይገባል። ዛሬም እጇን አነሳች። ቴምቤላኒ ቶሎ ገባ። በሚቀጥለው ዙር ጠበቀ፤ ያን ጊዜ ደግሞ እሷ ጥላው ሄደች።

«ምን ሆነሃል?» አለው ዙኪሌ። «ሚኒባስ እንዳመለጠው ሰው ትሮጣለህ፣ ትቆማለህ።»

«የምትነዳው እሷ ናት። ፌርማታ ላይ አትቆምልኝም።»

«በል እስቲ የቀረጽነውን እንስማው።»

ቀራጩ ኮምፒውተሩን ነካ አደረገ። ማራዴቤም እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ ገቡ። ፒያኖው ተሰማ፣ ቤዙ ተሰማ። ባዶው ቦታ ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ነገር ተሰማ፤ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ፣ ስስ፣ የሚንሾካሾክ ድምፅ። ኖዙኮ እጇን ስታነሳ ጎልቶ ይወጣና ቀስ እያለ ይጠፋል።

ሁሉም ወደ ብርድ ልብሱ ዞሩ።

«ማን ነካው?» አሉ ማራዴቤ።

«ማንም አልነካውም እማማ» አለ ቴምቤላኒ። «ትንሹ ድራም ከሥሩ ሽቦ አለው። ፒያኖውና ቤዙ ወፍራም ድምፅ ሲያወጡ ቆዳው በራሱ ይንቀጠቀጥና ሽቦውን ያንሿሿዋል። ጎኑ ላይ ማንሻ አለው፤ በአንድ ጣት ገፋ ካደረጉት ጸጥ ይላል።»

«አይነካም።»

«እንግዲያው በብርድ ልብሱ እንደተጠቀለለ ወደ ጓዳ እናሳልፈው» አለ ዙኪሌ። «እጃችን አያርፍበትም።»

«ሳይነኩ ማንሳት የት ነው የተማርከው? እንዲህ የሚያወራ ሌባ ነው።»

ኖዙኮ ቀና ሳትል፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፅዋ፣ «ተዉት። እንዳለ ይቀረጽ» አለች።

ዙኪሌ ውሃ ልጠጣ ብሎ ማራዴቤን ተከትሎ ወጥ ቤት ገባ። ብርጭቆውን ሞላና ሳይጠጣ ቆመ።

«እማማ፣ ይህቺ ልጅ እየሄደችብን ነው።»

«ወዴት?»

«የት እንደሆነ ያውቃሉ። ይህን አልበም ጨርሳ ሰው ፊት ካልወጣች፣ እዚያ ጥግ ቁጭ ብላ ትቀራለች።»

«አንተ ደግሞ አፍህን በበጎ ክፈተው!» አሉት። ከሄደ በኋላ ግን በሩን እንደገና ገርበብ አድርገው ጆሯቸውን ሰጡ።

እንደገና ጀመሩ። ማራዴቤ የበቆሎና የባቄላ ንፍሯቸውን ሊያማስሉ ማንኪያ አነሱ፤ አላማሰሉም። ኖዙኮ አጨዋወቷን ለውጣለች። ወፍራሞቹን ድምፆች እየመረጠች ትመታለች፣ እጇን ታነሳለች፣ ትጠብቃለች። ድራሙም ይመልስላታል። ደጋግማ ጠራችው፤ ደጋግሞ መለሰ። ማራዴቤ በሩን ሳያስቡት ወለል አድርገው ከፈቱት። ልጃቸው ቤት ውስጥ ነው። ጫማውን ሳያወልቅ ገብቶ፣ ጥግ ላይ ቆሞ፣ ምን አስቀራችሁልኝ የሚላቸው መሰላቸው። መጀመሪያ ደስ አላቸው፤ ፍርሃቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ቴምቤላኒ መምቻዎቹን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«እህቴ ኖዙኮ፣ ከእኔ ጋር አይደለም የምትጫወቺው።»

«ካንተ ጋር ነው።»

«አይደለም። በገባሁ ቁጥር መንገድ እንደዘጋብሽ ሰው ታዪኛለሽ። ወንድሜ ሉቩዮን አከብረዋለሁ፤ ድራም የጀመርኩት እሱን አይቼ ነው። ግን ሥራዬ ለሱ ቦታ መያዝ ከሆነ፣ ወንበር ይበቃችኋል።»

«አንተ ልጅ፣ ቀስ በል» አለ ዙኪሌ።

«ቀስ ብዬ ነው የምሄደው።» ከድራሙ ጋር የሚመታቸውን የነሐስ ሳህኖች ከመቆሚያቸው ይፈታ ጀመር።

«ነገ የተከራየነውን መቅረጫ እንመልሳለን እኮ! ዛሬ ካልጨረስን አልበም የለም!»

«ለሷ ንገራት።»

ሳህኖቹን ታቅፎ ወደ ግቢው ወጣ። ዙኪሌና ቀራጩም ሊለምኑት ተከተሉት።

ማራዴቤ ንፍሮ በሳህን ይዘው ገቡ።

«ብዪ።»

«ቆይቼ፣ እማማ።»

«ትናንትም ቆይቼ ነበር ያልሽው። ሂጂ፣ ልጁን ጥሪው። ይቅርታ ብትይው ይመለሳል።»

«ሰምተውታል አይደል?»

ማራዴቤ ሳህኑን አስጠጉላት።

«በሩን ሲከፍቱት አይቻለሁ» አለች ኖዙኮ። «እርስዎም ደስ ብሎዎታል። አልበሙ ይቅር፣ ምን ያደርግልኛል? ብቻዬን እጫወትለታለሁ። እሱም ይመልስልኛል። እዚሁ እንሆናለን፣ ሦስታችን።»

ፈገግ አለች። ማራዴቤ ፈገግታዋን አይተው ዓይናቸው አንገቷ ላይ ወረደ። ጥቁሩን ቀሚስ በልኳ ያሰፉላት ራሳቸው ናቸው፤ አሁን ምስማር ላይ የተሰቀለ ይመስላል። ሦስታችን ትላለች። ከሦስቱ አንዱን እንኳ በሕይወት ያለ ብለው መቁጠር አቃታቸው።

ሳህኑን ፒያኖው ላይ አኖሩት። ወደ ጥጉ ሄደው ተንበረከኩ፤ ጉልበታቸው ቋ አለ። በሆዳቸው የጎሳውን አባቶች ስም አንድ በአንድ ጠሩ፣ ይቅርታም ጠየቁ። ከዚያ ብርድ ልብሱን ገለጡት።

«እማማ! ምን እያደረጉ ነው? ዓመቱ አልሞላም እኮ!»

ማንሻውን አልፈለጉትም፤ መጥቶ ከሆነ የሚመልሱት እናቱ ናቸው። ትንሹን ድራም ከነሽቦው ከመቆሚያው አነሱት። ይከብድ ነበር። ጎንበስ ብለው ጀርባቸው ላይ አደረጉት፣ ሻላቸውን አዞሩበት፣ ደረታቸው ላይ ጥብቅ አድርገው ቋጠሩ።

«የት ነው የሚወስዱት? ይመልሱልኝ! እማማ!»

ኖዙኮ ጮኸች። ያን ሁሉ ወር የታመቀው ድምፅዋ ቤቱን ሞላው። ማራዴቤ ዞር አላሉም።

ግቢው ውስጥ ዙኪሌ የቴምቤላኒን ክንድ ይዞ ቆሟል። ጩኸቱን ሰምተው ሁሉም ወደ በሩ ዞሩ። ቴምቤላኒ አሮጊቷን አየ፣ ጀርባቸውን አየ፣ ሳህኖቹን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና ከመንገዳቸው ዞር አለ። ሽቦው በየእርምጃቸው ይንሾካሾካል። ማራዴቤ አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ መልሰው፣ የተኛ ሕፃን እንደሚደግፍ ሰው ከሥሩ ደገፍ አደረጉት፤ ነፋሱን በግንባራቸው እየገፉ፣ በአጥሩ በር ወጡ።