የገዥው ደብዳቤ

ጋሼ ሦስተኛውን ምዕራፍ ያመጡልኝ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነበር። መጽሐፉ ማሽን ላይ የሚወጣው ደግሞ ሐሙስ ረፋድ ነው። ሌሎቹ አምስት ምዕራፎች ተነበው፣ ታርመው፣ ገጻቸው ተቀናብሮ ካለቀ ሁለት ሳምንት አልፏል። እስከዚያ ድረስ ከሁለት ወደ አራት የሚዘል መጽሐፍ ይዤ ቆየሁ።

«ዋናዋ ይህቺ ናት» አሉኝ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለሉ አሥራ አንድ የእጅ ጽሑፍ ቅጠሎች ጠረጴዛዬ ላይ እያስቀመጡ። «ሌላው ሁሉ የሷ አጃቢ ነው። አደራ፣ አንዲት ፊደል እንዳትሳሳት።»

የምሠራው ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። አራሚም ገጽ አቀናባሪም እኔው ነኝ፤ ስልክም አነሳለሁ። ኮሌጅ የተማርኩት ታሪክ ነበር። ጋሼ ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩኝ ሰው ናቸው፤ ዛሬም ሲያዩኝ ጥፍሬ መቆረጡን ሳያረጋግጡ አያልፉም።

መጽሐፋቸው ስለ ክርስቶስ ትንሣኤ የታሪክ ማስረጃ ነው። ስድሳ አራት ገጽ፣ አምስት መቶ ቅጂ። እሳቸው ግን «አራት መቶ ዘጠና ዘጠኙ ለወጉ ነው፣ የጻፍኩት ለአንዱ ነው» ይላሉ። አንዱ የልጃቸው ነው። ልጃቸው ሌላ ከተማ የምትሠራ ጠበቃ ናት፤ እምነቱን ከተወች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ከሁለት ዓመት በፊት ምሳ ላይ ሲከራከሩ ጋሼ ስለ አንድ የሮማ ገዥ ደብዳቤ አንስተው «አንቺ የሰነድ ሰው አይደለሽ? ይኸው ሰነድ!» አሏት። እሷም «ዋናው የት አለ?» አለች። ማንኪያቸውን ጥለው ተነሡ። ከዚያ ወዲህ አባትና ልጅ ስለ ደም ግፊትና ስለ ዝናብ ብቻ ነው የሚያወሩት። ቅዳሜ ለአንድ ቀን ልትመጣ ነው። ሐሙስ ታትሞ፣ ዓርብ ተጠርዞ፣ ቅዳሜ እጇ ላይ መግባት አለበት።

ሐሙስ ጠዋት ማንም ሳይመጣ ገብቼ ምዕራፉን ኮምፒውተር ላይ መጻፍ ጀመርኩ። ያ የገዥው ደብዳቤ ነበር። ገዥው የሰቀለው ሰው ከመቃብር ተነሥቶ መታየቱን፣ ዘበኞቹን ለየብቻ መርምሮ እውነት ሆኖ ማግኘቱን ለንጉሠ ነገሥቱ ያስታውቃል። ሥሩ ላይ ጋሼ «ይህ ማስረጃ የትም ፍርድ ቤት ቢቀርብ የሚጥለው ዳኛ የለም» ብለው አስምረውበታል።

ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ሰውየው እንደ ሹም አይጽፍም። አንድ የሮማ ሹም ለአለቃው ስለ ግብር ይጽፋል፣ ስለ ሁከት ይጽፋል፣ በራሱ ላይ ጥፋት እንዳይገኝ ይጽፋል። ይኼኛው ግን ይሰብካል። ዛሬ ሰው የሚያነሣውን ጥርጣሬ ሁሉ አስቀድሞ ያወቀ ይመስል አንድ በአንድ ይመልሳል። ሴቶቹ መቃብር ተሳስተው ይሆን? አልተሳሳቱም። ዘበኞቹ ተኝተው ይሆን? አልተኙም።

ሥራውን ትቼ መፈለግ ጀመርኩ። አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም። ደብዳቤውን በጥንት ዘመን የሚያውቀው የለም። ከመቶ ምናምን ዓመት በፊት አንድ ሰው «ከአንድ ታላቅ ቤተ መጻሕፍት ገልብጬ አመጣሁት» ብሎ አሳተመው፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሰዎች ሲጠየቁ እንዲህ ያለ ነገር እኛ ዘንድ የለም አሉ። የሚያምኑትም የማያምኑትም ተመራማሪዎች እዚህ ላይ አይለያዩም። ፈጠራ ነው።

ይህ ብቻ ቢሆን እንደምንም እነግራቸው ነበር። እጅ እግሬን ያሰረኝ የምዕራፉ መጨረሻ ነው። «በሃያ ሁለት ዓመቴ ወንድሜን ቀብሬ ሁሉን ነገር ትቼ ነበር» ይላል። «አንድ የሥራ ባልደረባዬ ይህን ደብዳቤ በታይፕ የተመታውን ሰጠኝ። በዚያው ሳምንት አመንኩ። እነሆ አርባ ዘጠኝ ዓመት የቆምኩት በዚህ ላይ ነው።»

አራሚ ነኝ፣ ሥራዬ ፊደል ነው አልኩ ለራሴ። ሰው የጻፈውን እውነት ነው ውሸት ነው ብሎ የሚመረምር አራሚ የት አለ? ደግሞ እኔስ? እኔም የማምን ሰው ነኝ፤ ይቺን ክር ስስባት ምን ምን ተከትሎ እንደሚመጣ አላውቅም ነበር። የመጨረሻውን የእርማት ቅጂ በወረቀት አወጣሁት፤ እጄ ላይ ግን እንደ ጋለ ብረት ሆነብኝ።

«አንተ ልጅ፣ ምን ሆነህ ነው ምጥ እንደያዛት የምትንጎራደደው?» አለችኝ ማሽኑን የምታንቀሳቅሰው ሴትዮ። ሁላችንም እትዬ ነው የምንላት። «ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ ደብተር ልባስ ነው የሚገባው። የመምህሩን አሁን ካልሰጠኸኝ የለሁበትም።»

«ፊርማቸውን እየጠበቅኩ ነው እትዬ።»

በእኛ ቤት ደንብ ደራሲው የመጨረሻውን የእርማት ቅጂ አይቶ ፊተኛው ገጽ ላይ «ይታተም» ብሎ በእጁ ጽፎ ካልፈረመ ማሽን አይነሣም። ጋሼ አራት ሰዓት ላይ ደረሱ። ጫማቸው ተወልውሏል፣ ፀጉራቸውን ተስተካክለዋል፤ ሙሽራ ነው የሚመስሉት። ወንበር ሳቡና ብዕራቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

«አንብበሃታል?»

«አንብቤያታለሁ።»

«እህስ?»

መልሴን ሳይጠብቁ «ይ» ብለው መጻፍ ጀመሩ፣ «ታ» አስከተሉ።

«ጋሼ፣ አይፈርሙ።»

ብዕሩ ቆመ። በመነጽራቸው ላይ አሻግረው አዩኝ፤ ያን አስተያየት ከስድስተኛ ክፍል ጀምሮ አውቀዋለሁ።

«ፊደል ተሳስቷል?»

«አይ። ደብዳቤው ነው። ትክክለኛ አይደለም ጋሼ። በኋላ ዘመን ሰው የፈጠረው ነው።» ከዚያ ሁሉንም እንዳገኘሁት ዘረገፍኩት። ቤተ መጻሕፍቱን፣ ዘመኑን፣ የአጻጻፉን ነገር።

«ማነው ያለው? እነዚያ ምንም የማያምኑት ናቸው አይደል?»

«የሚያምኑትም ብለውታል። እንዲያውም እነሱ ናቸው ጠንክረው የጻፉበት።»

«ስለዚህ አንተም ከሷ ወገን ሆንክ።»

«እኔ ከማንም ወገን አይደለሁም። ቅዳሜ ሲያስረክቧት በዓይኔ ታየኝና ነው።»

በግድግዳው ማዶ እትዬ ወረቀት ስትደረድር ይሰማል። ጋሼ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። እኚያን ሰው ድምፅ ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

«ማን ያውቃል ይህን? ካንተ ሌላ?»

«የፈለገ ሁሉ ያገኘዋል።»

«እሷ ላትፈልግ ትችላለች።» ብዕሩ እንደገና ወረቀቱን ነካ። እጃቸውን ልይዝ ከወንበሬ ግማሽ ተነሣሁ፤ አስተማሪዬ ናቸው፣ እንዴት ብዬ ነው እጃቸውን የምይዘው? ከዚያ ራሳቸው ብዕሩን አስቀመጡት። «ትፈልጋለች። የኔ ልጅ አይደለች እንዴ!»

መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን አሹ። መነጽር የሌለው ፊታቸው የሌላ ሰው ፊት ይመስላል።

«አርባ ዘጠኝ ዓመት» አሉ። «ለስንቱ ልጅ ነግሬዋለሁ መሰለህ! ለባለቤቴ ልትሞት ስትል አነበብኩላት።»

ውኃ ቀዳሁላቸው፤ ብርጭቆውን ሲያነሡ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ፤ ሁለታችንም ወረቀቱን ለማትረፍ ተሯሯጥን። ይህቺ ሩጫ ትንሽ ረዳችን።

«በል» አሉ ሲቀመጡ፣ «ጥቁር ሰሌዳ ፊት እንደቆምክ ቁጠርና ንገረኝ። ይህ ሲወጣ ምን ይቀራል? እንዳታባብለኝ።»

«የቀሩት አምስት ምዕራፎች ይቀራሉ ጋሼ። ጳውሎስ ላንድ ከተማ ሰዎች የጻፈው አለ። ክርስቶስ ተነሥቶ የታየላቸውን ሰዎች ሲዘረዝር እኔም የተቀበልኩትን ነው ያስተላለፍኩላችሁ ይላል። የጻፈው ከስቅለቱ ሃያ ምናምን ዓመት በኋላ ነው፤ ዝርዝሩን የተቀበለው ግን ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ፣ በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ዓመታት እንደሆነ የማያምኑትም ብዙዎቹ ይቀበላሉ። ስለዚህ ነገሩ ሲነገር ሲነገር ያደገ ተረት ነው ማለት ያስቸግራል።»

«ሌላ?»

«ሴቶቹ። በዚያ ዘመን የሴት ምስክርነት ብዙም አይቆጠርም ነበር። ወሬ የሚፈጥር ሰው መቃብሩ ባዶ ሆኖ አገኘነው የሚሉ ሴቶችን አያስቀድምም፤ የተከበረ ሽማግሌ ነው የሚያቆመው። ከዚያ የክርስቶስ የገዛ ወንድም አለ፤ ክርስቶስ ከመሰቀሉ በፊት አላመነበትም፣ በኋላ የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መሪ ሆነ። ጳውሎስ ራሱም አሳዳጅ ነበር።»

«እሷ ምን የምትል ይመስልሃል?»

«አዩ የተባሉት አይተናል ብለው ከልባቸው አምነዋል፣ ግን ሐዘን ነው ያሳያቸው ትላለች። ሰው የሞተበትን ሲያይ አዲስ ነገር አይደለም ትላለች። የአራቱ ወንጌሎች ዝርዝርም አይገጥምም፤ እርስዎ ምዕራፍ አምስት ላይ ይገጥማል ብለው አልፈውታል እንጂ አይገጥምም።»

«መልስህስ?»

«ሐዘን አሳዳጅን እንዴት አሳየው እላታለሁ። ከአንድ በላይ ሆነው በአንድነት አየን ማለታቸውስ እላለሁ። ዝርዝሩ አለመግጠሙም ተመካክረው እንዳልጻፉት ያሳያል እላለሁ። ግን ሙሉ መልስ የለኝም ጋሼ። እዚህ ድረስ ታሪክ ያደርሰኛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ማረጋገጥ አልችልም። እኔ አምናለሁ። ዛሬ ጠዋት ግን ፈርቼ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንም።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጣ አልነበረበትም፤ ተማሪ ሠርቶ ያልጨረሰውን ሒሳብ ሲያዩ የሚያደርጉት ነገር ነው።

በሩ ተከፈተና እትዬ አንገቷን አስገባች። «አባቴ፣ ይታተም ነው አይታተም? ማሽኑ እንደ ቀለብተኛ አፉን ከፍቶ ይጠብቃል።»

«አንድ ጊዜ ጠብቂኝ የኔ እመቤት» አሏትና ስልካቸውን አወጡ። ጣታቸው የልጃቸውን ቁጥር ሁለት ጊዜ ሳተ። ግራ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሁልጊዜ የስልኩን ድምፅ ለቀው ነው የሚያወሩት። ልወጣ ስነሣ በእጃቸው ተቀመጥ አሉኝ።

«አባዬ?» አለች፤ ከኋላዋ የሰው ጫጫታና የበር ድምፅ አለ። «ምን ሆንክ? በዚህ ሰዓት ደውለህ አታውቅም። አሞሃል?»

«ደህና ነኝ። የት ነሽ?»

«ፍርድ ቤት ነኝ፣ ኮሪደር ላይ። ምንድን ነው? አታስጨንቀኝ!»

«ደብዳቤው…» ጠረጴዛውን ያዙ። «የዚያን ቀን የነገርኩሽ ደብዳቤ። ውሸት ነው። ዋናው የለም። ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

ጫጫታው ራቀ፤ ወደ ጥግ ሄዳ መሆን አለበት።

«አውቃለሁ» አለች።

«ምን ታውቂያለሽ?»

«የዚያን ሳምንት ነው ያየሁት። ፈልጌ አገኘሁት።»

«ሁለት ዓመት ሙሉ? ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? አፍሽ መቼ ያርፍ ነበር!»

«ፈራሁ» አለች። «ለእማዬ ስታነብላት አልጋው አጠገብ ነበርኩ እኮ። እሱን ብነጥቅህ በምን ትኖራለህ ብዬ ነው። ከዚያ ወዲህ በደወልክ ቁጥር ደርሼበታለሁ ልትለኝ ነው እያልኩ… አሁን ምን ሆነሃል? እውነቱን ንገረኝ። ብቻህን ነህ?»

«አንድ ልጅ አጠገቤ አለ። ያስተማርኩት ነው።» አየት አደረጉኝ። «ምን እንደሆንኩ ገና አላወቅኩም። መጽሐፉ ለቅዳሜ አይደርስም። እንደገና መጻፍ አለብኝ።»

እትዬ ከበሩ ላይ አየችን። አንድ ቃል ሳትናገር ወደ ማሽኑ ተመለሰች፤ ትንሽ ቆይቶ «የደብተሩን አምጡልኝ!» ስትል ሰማሁ።

«ምን ቀርቶህ ነው የምትጽፈው?» አለች ልጃቸው። የጠበቃ ድምፅ ነው፤ ግን እንደ ድሮው ክርክር አይመስልም፤ እሳቸውን ይዞ የሚቆይ ነገር እንዳለ ማወቅ የፈለገች ትመስላለች።

«ቅዳሜ ልንገርሽ።»

«እስከ ቅዳሜ ድረስ እንዲህ ሆኜ አልቆይም። ተራዬ እስኪደርስ ሃያ ደቂቃ አለኝ። አሁን ንገረኝ።»

ጋሼ በእጃቸው ወረቀት አሉኝ። የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሰጠኋቸው፤ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ገለጡ፣ ከዚያ ሳያነቡት ዘጉት።

«መቃብሩ ጋ የሄዱት ሴቶች ናቸው» አሏት። «እሱን ልብ ብለሽ ታውቂያለሽ?»

«ስንት ነበሩ?»

«እሱ ላይ ችግር አለ። አንዱ ወንጌል ሁለት ይላል፣ አንዱ ሦስት። ገጥሟል ብዬ ጽፌ ነበር፤ አይገጥምም።»

«ቆይ፣ ቆይ» አለች፤ ወንበር ስትስብ ተሰማ። «አይገጥምም ነው ያልከኝ? በል ቀጥል።»