የማን እጅ ነው

«እጅሽን ሰብስቢ! የእናቴን ዕቃ አትነካኪ።»

ምራቲቱ አቧራውን ልትጠርግለት ያነሳችውን የጀሶ መልአክ መልሳ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው። የአማቷ ሐዘን ሦስተኛ ቀኑ ነው። ለቀስተኞቹ የሻይ ብርጭቆ እንደያዙ አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ጆሯቸውን ግን አልደፉም።

«ሐዘኑ ሲያልቅ የሥራ ክፍሉን ቁልፍ ታስረክቢኛለሽ» አለች የሟች ልጅ፣ ድምፅዋን ዝቅ ያደረገች መስሏት። «ወንድሜ ከሞተ አራት ዓመቱ። ከእንግዲህ እዚህ ቤት ምን አለሽ?»

«ሥራዬ።»

«የቱ ሥራ? ጀሶ መበጥበጥ?»

«መበጥበጥም ሥራ ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። ሚስታቸው በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

አማቷ የጀሶ መላእክት እየሠሩ የሚሸጡ፣ አፈ መራራ ሴት ነበሩ። ሥራ ባስጀመሯት በመጀመሪያው ቀን ምራቲቱ ጀሶውን በጎማው ቅርጽ ማውጫ ውስጥ ስታፈስ፣ አየሩ እንዲወጣ ጎኑን መታ መታ ማድረጉን ረሳችው። መልአኩ አፍንጫው ተቦርቡሮ ወጣ። አሮጊቷ ገልበጥ አድርገው አይተው፣ «ቁርጥ አንቺን!» አሉ።

በኋላ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንድ ቀን ብሩሹን ወረወሩላት።

«ፊቱን አንቺ ሳዪው። ለሰው ትንፍሽ ብትዪ ግን እግዜር ይፍረድብሽ።»

አምስት ዓመት ሙሉ ሳለች፤ ትንፍሽ አላለችም። ለአሮጊቷ የቀረላቸው ከመልአኩ እግር ሥር ለስላሳ ጨርቅ መለጠፍ ብቻ ነበር። እሱንም ጀርባቸውን ሰጥተዋት ነበር የሚሠሩት።

«እኔ የምለው» አለች ስልሳ ያህል መልአክ የሰበሰበች አንዲት ነርስ፣ «የድሮዎቹ ፈገግ ይሉ ነበር። አዲሶቹ ለምን ኮስተር አሉ?»

«እናቴ በዚች ሴትዮ ተቃጥላ ነዋ!» የሟች ልጅ ወደ ምራቲቱ ጠቆመች። «አሳርራ አሳርራ ገደለቻት። ይኸው፣ የመጨረሻው ይሄ ነው። ቁጥሩ ከሥሩ አለ።» መልአኩን ከመደርደሪያው አንስታ ከእግሩ ሥር ያለውን ጨርቅ በጥፍሯ ላጠችው።

ጀሶው ላይ፣ ከቁጥሩ አጠገብ፣ ዶሮ የጫረችው የሚመስል የእርሳስ ጽሕፈት ነበር። ነርሷ ጮክ ብላ አነበበችው፦ «ፊቱን የሳለችው ምራቴ ናት። ክፉ እጅ አይደለም።»

የሟች ልጅ ሌላ መልአክ አንስታ ላጠች፤ እዚያም ያው ነው። ሦስተኛውንም ላጠች። አራተኛውን አንስታ ሳትልጠው ቆመች።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው! አታላይ!»

«ይሄ የእርሳቸው ጽሕፈት ነው፤ የኔ እጅ እንዲህ አይንቀጠቀጥም» አለች ምራቲቱ። ልታሳያትም ቀኝ እጇን በሰው ሁሉ ፊት ዘረጋች።

አምስት ዓመት ሙሉ ብሩሽ ይዘው ተንቀጥቅጠው የማያውቁት ጣቶቿ አሁን ተንቀጠቀጡ። ታግላ ልታቆማቸው ሞከረች፤ እንቢ አሏት። በግራ እጇ ጭብጥ አደረገቻቸው፤ ግራዋም አብራ ተንቀጠቀጠች።